የወንድሜ እንከን

ወንድሜ ሐምሌ ላይ ሞተ፤ ጥቅምት ላይ የክፍል ምሳሌ ሆነ። ይህን ስጽፍ አሁንም ጥርሴን ነክሼ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ንዴት ይበርዳል ይሉኛል። የእኔ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። የሆነውን እንደሆነው ልናገረው።

ቤታችን በሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ኮኪት ነበር። አያቴ ከደጋ ወርዶ ያቀናት ትንሽ ማሳ አለችን፤ ሰሊጥና ማሽላ እንዘራባታለን። እሷ ብቻዋን ስለማታኖረን አባቴ የአንድ ባለሀብት የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ከተማው ውስጥ ያድር ነበር። ወንድሜ ደግሞ በዚያው ባለሀብት እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል። ባለሀብቱን አይተነው አናውቅም፤ ኑሮው ሩቅ ነው። እኛ የምናውቀው ወኪሉን ነው። የሚቀጥረውም፣ የሚያባርረውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም ወኪሉ ነው።

ወንድሜ ብዙ ዓመት ይበልጠኛል። ትራክተር ነጂ ሲባል ሰው የሚያስበው ጮክ ብሎ የሚስቅ፣ ከሱዳን ሾፌሮች የተማረውን ዓረብኛ እየደባለቀ የሚሳደብ፣ አቧራ እያስነሳ የሚበር ጎረምሳ ነው። የእኔ ወንድም እንደዚያ አልነበረም። ቀርፋፋ ነበር። ፉል ሲበላ እንኳ ጓደኞቹ ጨርሰው ሻይ ይዘው ይጠብቁታል። ጠዋት ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ዘይቱን ያያል፣ ጎማውን በተረከዙ ይመታል፣ እንደገና ዘይቱን ያያል።

ውሃም ይፈራ ነበር። ልጅ ሆኖ የጓንግ ወንዝ ሞልቶ ከእጁ ላይ ፍየል ወስዶበታል። ገመዱ መዳፉን ልጦት፣ ጠባሳው እስከ መጨረሻው አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ውሃ ጉልበቱ ላይ ከደረሰ ይመለሳል። በእኛ አገር በበጋ ደረቅ አሸዋ የሆነ፣ በክረምት ግን በአንድ ዝናብ ወንዝ የሚሆን ወራጅ ሞልቷል፤ ኾር እንለዋለን። ወንድሜ ኾር ጋ ሲደርስ ትራክተሩን ያቆማል፣ ይወርዳል፣ በእንጨት ጥልቀቱን ይለካል፣ ካልጣመው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሠራተኞቹ ‹ሽማግሌው› ይሉት ነበር። ወኪሉ አንዴ እርሻው ላይ ሰው ፊት ‹ውሃ እስኪደርቅ የምትጠብቅ ከሆነ በጋ ላይ ና› ብሎ አዋርዶታል። ማታ እየሳቀ ነው የነገረን። መዋረዱ አልከበደውም፤ ውሃው ነበር የሚከብደው።

ሐምሌ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ አንድ ጠዋት፣ ለአራሚዎቹ ካምፕ ዱቄት ጭኖ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሬሳውን ከኾር አወጡት።

ለቅሶው ላይ ወኪሉ መጣ። ስኳርና ዱቄት አስጭኖ ነው የመጣው። ወንዶቹ በተቀመጡበት ዳስ መሐል ቆመ፤ ኮፍያውን አወለቀ። «ነግረነው ነበር» አለ። «ውሃው እስኪጎድል ቆይ ብለነው ነበር። ምን ይደረግ፣ ደፋር ልጅ ነው። ድፍረቱ ጎዳው።» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «ወጣት መቼ ይሰማል» አለ። ሌላው «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። ሠልስቱ ሳይወጣ ኮኪት ሁሉ ስለ ደፋሩ ሾፌር ያወራ ነበር። ከሻይ ቤት እስከ ወፍጮ ቤት አንድ ዓይነት ቃል፤ ተው ተባለ፣ እምቢ አለ፣ ገባ፣ ሞተ።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ እሰማለሁ። የሚያወሩት ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም። ነገር ግን ያን ቀን ኾር ጋ አልነበርኩም፤ ምን ብዬ ልመልስ?

ትምህርት ሲጀመር አዲስ የአማርኛ መምህር መጣልን። ከደጋ የመጣ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም ያልቆየ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚከት ወጣት ነበር። የጥንት አሳዛኝ ተውኔት ሊያስተምረን አንድ ኮፒ ይዞ መጣ። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጠርዙ የተበላ ነው፤ ለክፍሉ ሁሉ ያው አንዱ ብቻ። ስለዚህ ቆሞ ያነብልናል። እውነቱን ለመናገር ሲያነብ ደስ ይላል። ታሪኩ አትዝመት እየተባለ ስለዘመተ አንድ ንጉሥ ነው። የንጉሡ ድምፅ ሌላ፣ የአማካሪው ድምፅ ሌላ ነበር፤ እኛም ሙቀቱን ረስተን እናዳምጣለን።

ቃላቱን አንድ በአንድ አስተማረን። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነ፤ ግጭት በሰውና በሰው መካከል ብቻ ሳይሆን በሰውና በራሱ መካከልም እንደሚሆን፤ ነገሩ የሚከርበት ነጥብ ጡዘት እንደሚባል፤ ተዋናዩ መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ የልቡን ሲያወጣ መነባንብ እንደሚሆን። ኮረስ የሚባሉም ነበሩ። ዳር ቆመው ያያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይመክራሉ፤ ግን ማንንም እጁን ይዘው አያስቆሙም። ይህን ስሰማ ለቅሷችን ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ፤ ዝም ብዬ ጻፍኩት።

ከዚያ ወደ እንከን ደረስን።

«አሳዛኝ ጀግና ክፉ ሰው አይደለም» አለን መምህሩ። «ክፉ ሰው ቢወድቅ ማን ያዝናል? ፍጹም ሰውም አይደለም። ትልቅ ሰው ነው፤ ግን አንድ እንከን አለበት። የሚጥለው ሌላ ሰው አይደለም፤ ያው የገዛ እንከኑ ነው።» ጠመኔውን መዳፉ ላይ እያነጠረ ወደ እኛ ዞረ። «እስቲ ከአካባቢያችሁ ምሳሌ ስጡኝ።»

ከፊት የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ክረምት ላይ ኾር የወሰደው ሾፌር። ተው እየተባለ ገብቶ ነው የሞተው።»

«በጣም ጥሩ» አለ መምህሩ። እኔን አያውቀኝም፤ ገና መምጣቱ ነው። ዞሮ መጻፍ ጀመረ። ጀግና፦ ሾፌሩ። ማስጠንቀቂያ፦ ተነግሮታል። እንከን፦ ድፍረት። ውድቀት፦ ሞት። ከያንዳንዱ ሥር አሰመረበት። ከጎኔ ያለችው ጓደኛዬ ክንዴን ያዘችኝ። መምህሩ እየተመቸው ሄደ። ንጉሡንና ሾፌሩን አነጻጸረ፤ ውሃውን የጠላት ጦር አደረገው፤ ትራክተሩን ፈረስ።

ተነሣሁ። «ቲቸር፣ ሰውየውን ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ታሪኩን ግን ሰምቻለሁ።»

«ከማን ሰሙ?»

«ከሁሉም ሰው።»

«ወንድሜ ነው» አልኩት።

እዚያ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሰሌዳውን ቢያጠፋው ይበቃ ነበር። እሱ ግን ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን አራገፈና «አዝናለሁ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለ። «ግን እይው፤ ምሳሌው ወንድምሽን አያሳንሰውም። እንዲያውም ጀግና ያደርገዋል።»

«ወንድሜ ውሃ ይፈራ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። የሳቁት በክፋት አልነበረም፤ ውሃ የሚፈራ ጀግና አልታያቸውም። እኔ ግን ዓይኔ ጨለመብኝ። ወደ ሰሌዳው ሄጄ በነጠላዬ ጠረግሁት። ጀግናውንም፣ እንከኑንም፣ ሁሉንም። መምህሩ እጄን ሊይዝ ሲል ገፈተርኩት። ‹ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ› ተባልኩ።

እናቴ በማግስቱ መጣች። የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች፣ ልጇ ሊሆን በሚችለው ሰው ፊት ጎንበስ አለች። «ይቅር ይበሉልኝ፣ መምህር። ልጅ ናት፤ ሐዘን ላይ ናት። እርስዎ አዋቂ ነዎት።» መምህሩም ደህና ሰው መሆኑን ለማሳየት «ችግር የለም እናቴ፣ ይገባኛል» አላት። ምን እንደገባው አላውቅም። እኔ ጎኗ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። ያን ቀን ከመምህሩ ይልቅ የጠላኋት እናቴን ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅኋት። «እማ፣ ደፋር ነበር ብለሽ ታምኛለሽ?»

«የወለድኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሳጥበው እንኳ የሰፈር ሰው እስኪወጣ የሚጮኽ ልጅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን ዳሱ ውስጥ ተነሥተሽ አልተናገርሽም?»

«አባትሽ ዛሬ የሚያድረው የት ነው?» አለችኝ።

የሚያድረው የባለሀብቱ መጋዘን በር ላይ ነው። ሰው የልጁን ስም እንኳ ለመከላከል የእንጀራውን በር ማየት ካለበት፣ የትኛው የተውኔት ቃል ነው ይህን የሚገልጸው? በተማርነው ውስጥ አላገኘሁትም።

ኅዳር ላይ ሰሊጥ ተራግፎ፣ ሳሉጎቹ፣ ማለትም ከደጋ ለሥራ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ወደ አገራቸው መመለስ ጀመሩ። አንድ እሑድ ከሰዓት አንድ የጎጃም ሰው በራችን ላይ ቆመ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሟል፤ በፌስታል ስኳር ይዟል። «የትራክተረኛው ቤት ይኼ ነው ወይ?» አለ። እናቴ አስገባችው። ውሃ ሰጠችው። ሳይጠጣው ይዞት ቆየ።

«ለቅሶ ሳልደርስ ቀርቼ ነው እናቴ» አላት። «ያን ዕለት ተጎታቹ ላይ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ወዲያው እኔንና ጓደኛዬን ወደ አብደራፊ መንገድ፣ ሩቅ ካምፕ ወሰዱን። ዛሬ አገሬ ልገባ ነው። ሳልነግርዎ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እናቴ መደቡ ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩን ዘጋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እርሻው ላይ ሁለት ትራክተሮች ነበሩ። አንደኛው ሲበላሽ መካኒኩ የወንድሜን ትራክተር ፍሬን ፈታና ዕቃውን አውጥቶ ለዚያኛው ገጠመለት፤ የሚዘራው እሱ ስለነበረ ነው የቀደመው። ለዚህኛው ከጎንደር ዕቃ እስኪመጣ እንዲቆም ተባለ። ዕቃው አልመጣም፤ መንገዱ ተዘግቷል። በዚህ መሐል ካምፑ ውስጥ ዱቄት አለቀ። ሠራተኞቹ ሥራ እንለቃለን አሉ። በጠዋት ወኪሉ ‹ይውጣ› አለ።

«ልጅዎ ሲመጣ ‹ተጠገነ ወይ?› ብሎ ጠየቀ» አለ ሰውየው። «መካኒኩ ወኪሉን አየው። ወኪሉ ‹አልቋል፤ ጫንና ሂድ› አለው። ዘይቱን አየ፣ ጎማውን መታ፣ ወጣ። እኛም ተሳፈርን።»

«ኾሩ ጋስ?» አለች እናቴ።

«እስከዚያ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ፍሬን አላስፈለገውም። ቁልቁለቱ ላይ ጭቃ ነበር። ገና ከሩቁ ሊያቆመው እግሩን ጫነ። አልያዘለትም። ማርሽ ቀየረ፤ ጭነቱ ገፋው። ያን ጊዜ ወደኛ ዞሮ ‹ዝለሉ› አለን። ዘለልን። እሱ መሪውን እንደያዘ ቀረ።»

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። «ፈርቶ ነበር?»

«አዎ እናቴ። በጣም ፈርቶ ነበር።»

«አውቄዋለሁ» አለች።

ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ለቅሶው ላይ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያንገበግበኝ። «ዕቃው አለመምጣቱን፣ ፍሬኑ እንዳልተጠገነ የሚያውቀው ማን ነበር?» አልኩት።

«ግቢው ሁሉ ያውቃል። መካኒኩ፣ ካቦው፣ ዕቃ ቤቱ፣ ወጥ ሠሪዋ ሳትቀር። ማታ ሲወራ ነው ያመሸው። እሱ ቤቱ እየገባ ስለሚያድር አልሰማም።»

«አንተስ?»

ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «እኔም ሰምቼ ነበር። ወኪሉ ‹አልቋል› ሲል ግን ተጠግኖ ነው ብዬ አመንሁ። ባላምን ኖሮ ላዩ ላይ ልወጣ?»

በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩ ስለ ተውኔታዊ ምፀት አስተማረ። እንደ ልማዱ ጥሩ አድርጎ አስረዳ። «ተመልካቹ ያውቃል፣ መድረክ ላይ ያለው ሰው አያውቅም» አለ። «ንጉሡ እየሳቀ ከቤቱ ሲወጣ እኛ ሞቱ እንደቀረበ እናውቃለን። ልንጮኽለት እንፈልጋለን። ግን አንችልም፤ ተመልካቾች ነን።» ምሳሌ አልጠየቀም። እኔ ግን እጄን አወጣሁ። አላየኝም መሰል ገጹን ገለጠ። ሳይፈቅድልኝ ተነሣሁ።

«ምሳሌ አለኝ ቲቸር። ያው ሾፌሩ ነው።» ሁሉንም ነገርኳቸው። ፍሬኑን፣ ዱቄቱን፣ ‹አልቋል› የተባለውን፣ ‹ዝለሉ› ያለውን። «መካኒኩ ያውቃል፤ ካቦው ያውቃል፤ ወጥ ሠሪዋ ታውቃለች። ትራክተሩ ላይ የወጣው ሰው ብቻ አያውቅም። አንድ ልዩነት ግን አለው። ተውኔት ላይ ተመልካቹ መጮኽ አይችልም። እነዚህ ይችሉ ነበር።»

ጥቅምት ላይ ምሳሌውን የሰጠው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ነበር። መምህሩ ወደ በሩ አየ። ከዚያ «ተቀመጪ» አለ፤ «ይህ ለፈተና አይመጣም። ወደ ጽሑፉ እንመለስ።»

ስንወጣ በር ላይ አስቀረኝ። ላብ ግንባሩ ላይ ነበር። «እይ እህቴ፣ እኔ እዚህ አገር እንግዳ ነኝ። ወኪሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ሲሠራም ረድተዋል። ክፍል ውስጥ የሰው ስም ማጥፋት ይቅርብሽ።»

«ምሳሌ ስጡኝ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«እሱ ሌላ ነው።»

«የሞተው ሲሆን ሌላ ነው? የገደለው ሲሆን ነው ስም ማጥፋት?»

ኮፒውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። ከዚያ ዓመት በኋላ ወደ ደጋ ተዛውሮ ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የወንድሜን ስም ምንም ሳያጣራ ለማጉደፍ ደፍሮ፣ የወኪሉን ሥራ ሲሰማ ግን እንግዳ ሆነ።

እናቴ ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆናለች። የጎጃሙን ሰው ጉዞውን አዘግይቶ አብሮን ወረዳው ከተማ ሸሕዲ ድረስ እንዲሄድ ለመነችው። ፖሊስ ፊት ቃሉን ሰጥቶ አገሩ ገባ። ፖሊሱ ግን ጽፎ ሲያበቃ እስክሪብቶውን ዘግቶ «በሽምግልና ብትጨርሱት ይሻላል» አለን። መካኒኩን ሲፈልጉት ከእርሻው ለቆ ሄዷል ተባለ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ላከ ወኪሉ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ዳሳችን ውስጥ ራሳቸውን የነቀነቁት ናቸው። ወኪሉ ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ። ተነሥቶ «ስህተት ተፈጥሯል» አለ። «ሰው ነን። ልጁ ለእኔም እንደ ልጄ ነበር። ቤተሰቡን እረዳለሁ፤ የጠየቁኝን እክሳለሁ።»

ተፈጥሯል አለ። ፈጠርኩ አላለም። ሰዋስው እንኳ ሲፈልጉ ይደብቃቸዋል፤ ስህተቱ ራሱን በራሱ እንደፈጠረ፣ ፍሬኑ ራሱን እንደፈታ፣ ‹አልቋል› የሚለው ቃል ከሰማይ እንደወረደ። ከሴቶቹ በኩል «ማን ፈጠረው?» አልኩ።

«ልጀ፣ አንቺ ዝም በይ» አሉኝ አንዱ አዛውንት። «ወላጆችሽ አሉ።»

ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች። «እሷ ዝም ትበል፤ እኔ ልናገር» አለች። «አባቶቸ፣ ካሳ አልጠየቅሁም። ልጀ በሞተ በማግስቱ ይኼ ሰው ዳሴ ውስጥ ቆሞ ‹ነግረነው ነበር› ብሏል። እናንተም ሰምታችኋል። አሁን እዚያው ሰው ፊት ይቁምና ‹አልነገርነውም› ይበል። እሱን ካለ እታረቃለሁ።»

ሁሉም ወደ ወኪሉ ዞረ። እሱ የጋቢውን ጥለት ይፈትላል። «ይህን ካልኩ በቃሌ ያስሩኛል» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያ እውነት ነው ማለት ነዋ» አለች እናቴ።

ሽማግሌዎቹ መሬት እየነኩ ለመኗት። ሙት አይመለስም አሏት፤ ልጅ አለችሽ አሏት። «ሰይጣንን እርገሚው፤ እሱ ነው ልብሽን ያደነደነው» አሉ ትልቁ።

«ሰይጣን ምን አደረገኝ አባቴ? ‹ነግረነው ነበር› ያለው ይኼ ሰው ነው።»

ቀሚሷን አራግፋ ሄደች። እኔ ተከተልኋት። አባቴ ትንሽ ቆየ። ዞሬ ሳየው ሽማግሌዎቹን ያያል፣ ወኪሉን ያያል። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ መጣ። በሳምንቱ ከመጋዘኑ ዘበኝነት ተሰናበተ።

ሰው እንዴት እንደሚገለበጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለቅሶ ላይ እህል ይዘው የመጡ ጎረቤቶች መንገድ ቀየሩ። ለእናቴ ‹እርቅ የረገጠች› የሚል ስም ወጣላት። ውሃ የቀዳችላቸው፣ ልጅ ያዋለደችላቸው ሴት ናት። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች አንዳቸውም አልመሰከሩም፤ ወጥ ሠሪዋ ገበያ ላይ እናቴን ስታያት ፊቷን ሸፍና አለፈች። ማሳዋን ለእኩል አራሽ ሰጥተን ሸሕዲ ገባን። እናቴ የማሽላ ዱቄት መነገድ ጀመረች፤ አባቴ መናኸሪያው አጠገብ ጥበቃ አገኘ። እኔም ትምህርቴን እዚያው ጨረስኩ፣ ኮሌጅ ገባሁ፣ አሁን አማርኛ አስተምራለሁ። ያንኑ ምዕራፍ፣ ያንኑ ቃላት።

የመጨረሻው ቃል ካታርሲስ ነው። ተውኔቱ ሲያልቅ ተመልካቹ ያዝናል፣ ይፈራል፣ ከዚያም ውስጡ ታጥቦ፣ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል ይላል መጽሐፉ። እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። ዳሳችን ውስጥ የነበሩት ሁሉ ታጥበው ነው የሄዱት። ‹ድፍረቱ ጎዳው› ሲባል ሁሉም እፎይ አለ፤ የሟቹ ጥፋት ከሆነ የማንም ጥፋት አይደለማ። ነገ የራሳቸውን ልጅ በዚያው ትራክተር ላይ ማውጣት ይችላሉ። ለዚህ ነው እንከን የሚለውን ቃል ሳስተምር ደሜ የሚፈላው። ቃሉ ለመድረክ ንጉሥ ይሁን። ደሞዝ ለሚከፈለው፣ ዕቃው ከትራክተሩ ላይ ለተሰረቀበት ሰው ሲሰጡት ግን የገዳይ መታጠቢያ ውሃ ነው። ተማሪዎቼ ከሰፈራቸው የሞተ ሰው ምሳሌ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ‹ማን ነገራችሁ?› ብዬ ነው። አንዳንዶቹ ጨካኝ ናት ይሉኛል። ይበሉኝ።

በቅርብ ዓመት ባለሀብቱ ያ ኾር ላይ ድልድይ አሠራ። ወኪሉ ሪባን ቆርጦ፣ ‹የዚያ ወጣት ደም ከንቱ አልቀረም› ብሎ ተናገረ አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ለእናቴ ሲነግሯት ዱቄት እየሰፈረች ነበር። «ውሃው ምን አደረገ?» አለች ቀና ሳትል። «ውሃው ቦታው ላይ ነው የነበረው።»

ባለፈው ዓመት መካኒኩ ደወለ። ቁጥራችንን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። አብደራፊ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ማንነቱን ነገረኝና «እናትሽን ስጪኝ» አለ። ምን እንዳላት ሙሉውን አልነገረችኝም። ስትጨርስ ግን «ቃሉን እሰጣለሁ ብሏል» አለችኝ። «ይቅር አልሽው?» አልኳት። «መጀመሪያ ይናገር» አለች።

መጣ፤ ተናገረ። መዝገቡ እንደገና ተከፈተ። የወኪሉ ጠበቃ በመጀመሪያው ችሎት ላይ ሟቹ የሞተው በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት ነው ብሎ ተከራከረ። እናቴ ተነሥታ ልትናገር ስትል ዳኛው በትሕትና አስቀመጧት፤ ተራሽ ይደርሳል አሏት። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮው ይዛወራል። አንዴ መንገድ ተዘግቶ፣ አንዴ ጠበቃው ታሞ፣ አንዴ ዳኛው ሥልጠና ሄደው። በየቀጠሮው እናቴ በጠዋት ተነሥታ ያጠበችውን ነጠላ ትለብሳለች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ አባቴ መናኸሪያው ድረስ ይሸኘናል። ወኪሉ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ ‹እንዴት ዋላችሁ› ይለናል። አንመልስለትም።